ብርሃን ለማይችል ዓይን የሚሆን ሌንስ

የጋፋት የረፋድ ፀሐይ ዋዛ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ይህ ስፍራ የሚገኘው በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው ባርኔጣ ደፍቶ ወይም ነጠላውን ግንባሩ ላይ ሳብ አድርጎ ይውላል። ብርሃን የሚያመው ሰው ግን በዚህ ብቻ አይዘልቀውም።

አልቢኒዝም (የተፈጥሮ ቀለም እጥረት) ያለበትን ልጅ ደጅ ላይ አስተውሉት። ዓይኑን ያጨነቁራል፣ አንገቱን ይደፋል፣ መዳፉን ቅንድቡ ላይ ይጋርዳል። ብሌንን የከበበው ባለቀለም ክብ፣ አይሪስ የሚባለው፣ እንደ መጋረጃ ብርሃን ይመጥናል። የልጁ አይሪስ ግን ቀለም ስለሚያንሰው ብርሃኑ በብሌኑ ብቻ ሳይሆን በአይሪሱም አልፎ ይገባል። በአደጋ አይሪሱ የተቀደደ ወይም ያለ አይሪስ የተወለደ ሰውም ችግሩ ይኸው ነው።

ለእነዚህ ሰዎች ሰው ሠራሽ አይሪስ ያለው ኮንታክት ሌንስ አለ። ዙሪያው ብርሃን በማያሳልፍ ቀለም ይሸፈናል፤ መሃሉ ለዕይታ ክፍት ይሆናል። ተራ መነጽር ከላይና ከጎን የሚገባውን ብርሃን አያቆምም፤ ሌንሱ ግን ዓይን ላይ ተቀምጦ አብሮት ይዞራል። አልቢኒዝም ያለባቸው ብዙዎች ዓይናቸው ያለ ፈቃዳቸው ስለሚወዛወዝ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቀለም የማይለዩና ቀን ቀን ብርሃን የሚያሳውራቸው ሰዎች ደግሞ ቀይ ሌንስ ይሰጣቸዋል። እነሱ የሚያዩት ለጨለማ በተሠሩት የዓይን ሕዋሳት ነው፤ ሕዋሳቱ ቀይ ብርሃን እምብዛም ስለማይሰማቸው ሌንሱ ፋታ ይሰጣቸዋል።

ጠቆር ያለ ሌንስ አንድ ችግር አለው። ከደጅ ወደ ጎጆ ሲገቡ አብሮ አይነጣም፤ ደፍ ተሻግሮ መደቡን መፈለግ በዳበሳ ይሆናል። በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ የፈቀደው ሌንስ የታሰበው ለዚህ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ይጠቁር፣ ቤት ሲገቡ ይነጣ ነበር። ሆኖም ማንኛውም ለስላሳ ሌንስ የሚሸፍነው ጥቁሩን የዓይን ክፍልና ጥቂት ዙሪያውን ነው። ነጩና ቆቡ ለጨረር ተጋልጠው ስለሚቀሩ የፀሐይ መነጽርን አይተካም።

በእኛ አገር ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ብርሃኑ ለምን እንደሚያም ነው። ትራኮማ የአማራን ክልል ክፉኛ ጎድቷል። ቆቡ ወደ ውስጥ ሲቀለበስ ሽፋሽፍቱ በእያንዳንዱ ርግብግቢት ዓይንን ይፍቃል፤ ሰውየውም ፀሐይ ይሸሻል፣ ሽፋሽፍቱን በወረንጦ ይነቅላል። መድኃኒቱ የቆብ ቀዶ ሕክምና ነው። እዚህ ዓይን ላይ ቀለም ያለው ሌንስ መደረብ ጉዳትን መሸፈን ይሆናል። በድንገት የጀመረ፣ ከመቅላትና ከሕመም ጋር የመጣ የብርሃን ጥላቻም ቶሎ ሐኪም ይፈልጋል።

ሌንስ የሚመረጠው ዓይን ተለክቶ ነው፤ ከሱቅ ለውበት ተብሎ የሚገዛውን አልመክርም። በቧንቧም ሆነ በምንጭ ውኃ አይታጠብም፤ በውኃ ውስጥ ያለች አካንታሜባ የተባለች ረቂቅ ተሕዋስ ዓይንን ልታጠፋ ትችላለች። የራሱ ማጠቢያ ፈሳሽና በሳሙና ታጥቦ የደረቀ እጅ ግድ ነው። ስለዚህ አውድማ ላይ፣ በገለባ ብናኝ መሃል ለሚውል ገበሬ ጎንና ጎኑን የሚሸፍን ጥቁር መነጽር ይሻለዋል እላለሁ። ለመመርመር ከሚኬድባቸው ትልልቅ ማዕከላት አንዱ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ክፍል ነው። እስከዚያው አልቢኒዝም ላለበት ልጅ ሰፊ ባርኔጣ ይገዛለት፤ መምህሩም ፊቱን ወደ መስኮት አድርገው አያስቀምጡት።