ስለ አስታማሚዎች ትምህርትና ስለ ጠባያቸው ማጣራት

የሰው ልጅ በሕፃንነቱና በእርጅናው ጊዜ የሌላውን እጅ ይሻል። ሕፃን ቢበደል ያለቅሳል፤ ጎረቤትም ይሰማል። ከአልጋ የማይነሣ አረጋዊ ግን የደረሰበትን ለመናገር ያፍራል፤ ወይም ኀይል ያጣል። ስለዚህ እርሱን የሚያጥበውና የሚያጐርሰው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ምንስ እንደ ተማረ መጠየቅ የጤና ጕዳይ ነው።

በአገራችን አረጋውያንን መጦር የልጆች ግዴታ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ልጆች ለሥራ ሲወጡ ወይም በውጭ አገር ሲኖሩ ወላጆቻቸውን ለተቀጣሪ አስታማሚ ዐደራ የሚሰጡ አሉ። በአሜሪካም በዚሁ ሙያ የተሰማሩ ወገኖቻችን ጥቂቶች አይደሉም። ስለ ሆነም በዚያ አገር የተደነገገውን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕክምና ጥናት ተቋም ያወጣው ጽሑፍ በብዙ መጦሪያ ቤቶች አያያዙ የተጓደለ መሆኑን ገለጸ። በሚከተለው ዓመት፣ በ1987 ዓ.ም.፣ የመጦሪያ ቤቶችን አሠራር የሚያሻሽል ሕግ ወጣ። ከመንግሥት የሕክምና መድን ገንዘብ በሚቀበሉ መጦሪያ ቤቶች የነርስ ረዳት ሆኖ የሚሠራ ሰው ከ75 ሰዓት ያላነሰ ትምህርት እንዲማር ታዘዘ፤ ከዚህም ቢያንስ 16ቱ ሰዓት በተቈጣጣሪ ፊት የሚደረግ የእጅ ልምምድ ነው።

ተማሪው አረጋዊውን በእጁ ከመርዳቱ አስቀድሞ 16 ሰዓት የሚማራቸው አምስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ከሰው ጋር መነጋገር፣ ተላላፊ በሽታን መከላከል፣ ትንታን የመሰለ ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ መርዳት፣ አረጋዊው በራሱ የሚችለውን እንዲሠራ ማበረታታትና መብቱን ማክበር ናቸው። ከዚያም በቃል ወይም በጽሑፍ፣ እንዲሁም በሥራ ይፈተናል። ይህን ሁሉ በ4 ወር ውስጥ ካልፈጸመ በሥራው ሊቈይ አይችልም። ካለፈ በኋላም በየዓመቱ ከ12 ሰዓት ያላነሰ ተጨማሪ ትምህርት ይሰጠዋል።

ይህ ሁሉ ስለ ምን አስፈለገ? በጎ ፈቃድ ብቻውን ስለማይበቃ ነው። ተጋድሞ ያለን ሰው ያጐረሰ ምግቡን ወደ ሳንባው ሊሰድበት ይችላል። በጊዜው ያላገላበጠ ለመኝታ ቍስል ይዳርገዋል። እጁን ሳይታጠብ ከአንዱ ወደ ሌላው የሄደም በሽታ ያዛምታል።

ስለ ጠባይ ማጣራትም ሕጉ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የነርስ ረዳቶች መዝገብ እንዲይዝ አዟል። አረጋዊን የበደለ፣ ቸል ያለ ወይም ንብረቱን የወሰደ መሆኑ የተረጋገጠበት ሰው በዚያ ይመዘገባል፤ ቀጣሪውም መዝገቡን ሳያይ ሊቀጥር አይገባውም። ተከሳሹም አስቀድሞ ቀርቦ የመሰማት መብት አለው። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ደግሞ ሕዝቡ በ2011 ዓ.ም. በድምፅ ባጸደቀው ሕግ መሠረት በቤት ውስጥ የሚሠሩ አብዛኞቹ አዲስ አስታማሚዎች 75 ሰዓት እንዲማሩና በጣት አሻራ እንዲጣሩ ተደርጓል።

ይሁን እንጂ ሕጉ ፍጹም አይደለም። ይኸው የሕክምና ጥናት ተቋም በ2008 ዓ.ም. 75 ሰዓት እንደማይበቃና ቢያንስ 120 ሊሆን እንደሚገባ መክሯል። መዝገብም የታወቀውን በደል እንጂ የተሰወረውን አያሳይም።

በእኛ ዘንድ የተለመደው ዋስ መጥራት ነው። ዋስ ለጠፋ ዕቃ ይጠየቃል፤ ነገር ግን አስታማሚው ሕመምተኛን ማንሣት ይችል እንደ ሆነ አያስረዳም። ስለዚህ አስታማሚ የሚቀጥር ቤተ ሰብ ከዋሱ በተጨማሪ ቀድሞ የሠራበትን ቤት ይጠይቅ፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አብሮ ይዋል፤ በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ስለ አያያዙ ምክር ይቀበል። ከሁሉም ይልቅ አረጋዊውን ብቻውን ቀርቦ “እንዴት ተያዙ?” ብሎ ይጠይቅ፤ ገላቸውንም ይመልከት። አንደበት የሸሸገውን ቍስል ይናገራልና።