የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ፦ የአፈርም ጥናትና የቆጠራው ክርክር

እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት መጽሔት የታተመው አፈርም የተሰኘ ጥናት፣ በድንገተኛ የወሊድ ሕክምና ዘርፍ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት የነበረ ነው። ጥናቱ በብሪታንያና በአየርላንድ 33 ሆስፒታሎች ከ409,000 በላይ እርግዝናዎችን ይዞ፣ ነፍሰ ጡሮች የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነሱን እንዳስተዋሉ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመጡ ማስተማርን፣ ለመጡትም ወጥ የምርመራና የማዋለድ ሥርዓት መከተልን በአንድነት ፈተነ። ሞተው የሚወለዱት ከ1,000 ወሊድ ከ4.40 ወደ 4.06 ቢወርዱም ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊከሰት የሚችል ሆኖ ተገኘ፤ በቀዶ ሕክምና የወለዱት ግን ከ25.5 ወደ 28.4 በመቶ አሻቀቡ።

የእንቅስቃሴ መቀነስ የሚያሰጋው፣ እንግዴ ልጁ በቂ ደም ሳያደርስ ሲቀር ፅንሱ ኦክስጅኑን ለአንጎሉና ለልቡ ለመቆጠብ እንቅስቃሴውን ስለሚቀንስ ነው። ይሁንና ፅንስ በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ስለሚያንቀላፋ፣ መቀነሱ ሁልጊዜ የአደጋ ምልክት አይደለም።

ነፍሰ ጡሯ ስትመጣ በቅድሚያ የፅንሱ ልብ በዶፕለር ይደመጣል፤ የእናቲቱ ምት የፅንሱ መስሎ እንዳያሳስትም አዋላጇ የእጅ ትርታዋን እየዳሰሰች ሁለቱን ታነጻጽራለች። ከ28 ሳምንት በኋላ የልብ ምቱን በወረቀት የሚመዘግበው ካርዲዮቶኮግራፍ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ይያያዝላታል፤ ስጋቱ ካልተወገደ የፅንሱን ዕድገትና የእንሽርት ውሃውን መጠን ለማየት አልትራሳውንድ ይጨመራል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አነጋጋሪው የእንቅስቃሴ ቆጠራ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ከካርዲፍ የቀረበው ዘዴ፣ በ12 ሰዓት ውስጥ 10 እንቅስቃሴ ያልቆጠረች እናት ለሐኪም እንድታሳውቅ ያዝ ነበር፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውና ከ68,000 በላይ ሴቶችን ያሳተፈው ጥናት በመደበኛ ቆጠራ የሞት ቅነሳ አላገኘም። አብዛኞቹ ፅንሶች ሕክምና ከመድረሱ በፊት ሞተው ነበር፤ በሕይወት ሳሉ በደረሱትም ላይ ምርመራው ያሳደረው የተሳሳተ መረጋጋትና የባለሙያዎች ስሕተት ተስተውሏል። እንግዲህ ደካማው ቦታ በእናቲቱ ማስተዋል ሳይሆን በመምጣቷ መዘግየትና ከደረሰች በኋላ በሚደረገው ላይ ነበር፤ የጥናቱን ውጤት የእናትን ቃል ለማቃለል የሚጠቅሱ ባለሙያዎች ይህን ይዘነጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ዕለታዊ ቆጠራን በጥናት ማዕቀፍ ብቻ ሲፈቅድ፣ ሴቶች እንቅስቃሴውን ልብ እንዲሉና መቀነሱን እንዲያሳውቁ መምከርን አልተወም።

ካርዲዮቶኮግራፍ በሌለበት የገጠር ጤና ጣቢያ፣ በማዳመጫ ቀንድ የሚሰማው የልብ ምት ፅንሱ በሕይወት መኖሩን እንጂ ደኅንነቱን ስለማያረጋግጥ፣ መቀነሱ ከቀጠለ እናቲቱ ወደ ሆስፒታል ሪፈር መደረግ አለባት።