ርካሹ ሰርቨር ሜይንፍሬምን ያባርረዋል?

በካምፕ ኮምፒውተር የምትማሩ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ሰርቨር እንዲህ ከረከሰ እነዚያ ትልልቆቹ ሜይንፍሬሞች አላበቃላቸውም ወይ? ምን ልማር?»

ሜይንፍሬም ማለት ፍሪጅ የሚያህል፣ ትልልቅ ባንኮችና አየር መንገዶች ሥራቸውን የሚያካሂዱበት ውድ ኮምፒውተር ነው። ሰርቨር ግን በውስጡ ከቤት ኮምፒውተር ብዙም አይርቅም። ጉግል ሲነሳ እንዲህ ያሉ ርካሽ ማሽኖችን አገናኝቶ ነው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል።

«አበቃለት» የሚለው ወሬ አዲስ አይደለም። ስቱዋርት አልሶፕ የሚባል አሜሪካዊ የቴክኖሎጂ ጸሐፊ በ1991 (በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) የመጨረሻው ሜይንፍሬም ማርች 15 ቀን 1996 ይጠፋል ብሎ ቀን ቆርጦ ነበር። ቀኑ መጣ፣ አለፈ። አይቢኤም በ2022 ዜድ16ን፣ በ2025 ደግሞ ዜድ17ን አወጣ።

ለምን? ጉዳዩ ማሽኑ ሳይሆን በላዩ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው። አይቢኤም በ1964 ላስተዋወቀው ሲስተም 360 የተጻፈ ፕሮግራም ዛሬም በአዲሱ ማሽን ላይ ሊሠራ ይችላል። ባንኮቹ ለአሥርተ ዓመታት ኮቦል በሚባለው ቋንቋ ሲጽፉ ኖረዋል፤ የወለዱ ስሌት፣ የብድሩ ደንብ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ከጻፉት ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተዋል። ሰርቨር መግዛትማ ቀላሉ ነው። ጭንቁ ያን ሁሉ እንደገና ጽፎ፣ አንድ ሳንቲም ሳይዛነፍ፣ ባንኩም ሳይዘጋ ማዛወሩ ላይ ነው። በኤፕሪል 2020፣ በኮቪድ ሥራ ያጡ ሰዎች ማመልከቻ ሲጎርፍ፣ የኒው ጀርሲ ገዥ ፊል መርፊ ኮቦል የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ ካለ ይርዳን ብለው በአደባባይ ጠይቀዋል።

ወደኛ አካባቢ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። ኤም-ፔሳ በ2007 ኬንያ ውስጥ ሲጀመር የሚሸከመው የቆየ ሜይንፍሬም አልነበረበትም፤ በሰርቨር ተነሳ። እንደኔ እንደኔ ርካሹ ሰርቨር አዲሱን ሥራ ወስዶታል፣ የቆየው ግን ገና ብዙ ዓመት እዚያው ይቀመጣል።

ስለዚህ በሊኑክስ ጀምሩ፤ ሰርቨሩም ሜይንፍሬሙም ላይ ይሠራል። ከዚያ ኮምፒውተርና ደህና ኔትወርክ ያገኘ ሰው የአይቢኤምን ዜድ ኤክስፕሎር ይሞክር፤ በነጻ ነው፣ እውነተኛውን ሜይንፍሬም ከሩቅ ያስነካል። በስልክ ብቻ ግን ይከብዳል። የሥራ ፈቃዱ ራስ ምታት ደግሞ ለብቻው ነው፤ እሱን ኮቦልም አይፈታውም።