የሊበን ሜዳ ሣር፦ ምርምሩ ከየት ይጀምር?

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በነገሌ ቦረና ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የሊበን ሜዳ ለአርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት ነው፤ ከባድ የመጥፋት አደጋ ለተጋረጠባት ለሊበን ላርክ ደግሞ ከጥቂት መጠጊያዎቿ አንዱ ነው። ይህች ትንሽ ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ በሣር ሥር ተሸሽጋ ነው። ስለዚህ ሣሩ ከከብት ጥርስ ተርፎ ካልረዘመ እንቁላሏም ጫጩቷም ይጋለጣሉ።

ሜዳውን ያጠበቡት እርሻ፣ ልቅ ግጦሽና የቁጥቋጦ መስፋፋት ናቸው። ይሁንና እነዚህን ለየብቻ ማጥናት የሚያሳስት ይመስለናል። ቀድሞ አርብቶ አደሩ ቁጥቋጦውን በእሳት ይገታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቃጠሎ ተከለከለ። እሳት ቢፈቀድ እንኳ እስከ ሥሩ የተጋጠ መሬት ነበልባል የሚያዛምት ደረቅ ሣር የለውም፤ ግራሩም በዚህ መካከል ይበረታል። እርሻው ሲሰፋ ደግሞ ከብቱ በቀረችው መሬት ላይ ይታመቃል።

እንግዲህ ምርምሩ ከየት ይጀምር? ወፎቹን ደጋግሞ መቁጠር አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን የጉዳቱን መጠን እንጂ መፍትሔውን አይነግረንም። በእኛ እምነት ቅድሚያ የሚገባው ጥያቄ «ካሎ»ን ይመለከታል። ካሎ ኅብረተሰቡ ለድርቅ ወራት፣ በተለይም ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች አጥሮ የሚያቆየው ግጦሽ ነው። ከታጠረ በኋላ ሣሩ ለጎጆ የሚበቃ ቁመት ለማግኘት ስንት የዝናብ ወቅት ይፈልጋል? ቁጥቋጦው ሳይመነጠርስ ሣሩ ያሸንፋል? የታጠረውንና ያልታጠረውን መሬት ጎን ለጎን እየለኩ ማነጻጸር ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚከብደው በሜትር የማይለካው ነው፤ ካሎው ሲታጠር የማን ከብት ወዴት ይሄዳል? ይህን የሚመልሰው ሽማግሌዎቹን ጠይቆ መንጋውን በእግሩ የተከተለ ተመራማሪ ነው።