እውነተኛውን የጨንቻ ድንጉዛ ከአምሳያው ስለ መለየት

ክቡራን ነጋዴዎች፤ አንድ ደንበኛ ከሱቃችሁ ገብቶ «ይህ ድንጉዛ በእጅ የተሸመነ የጨንቻ ሥራ ነውን?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ያለ ጥርጥር መመለስ ትችላላችሁን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የነጋዴው ስምና የሸማኔው እንጀራ በመልሱ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጋሞ ደጋ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። እርስዋና አጠገብዋ ያለው የዶርዜ አገር በሽመና የታወቁ ሲሆኑ፣ ከዚያ የወጡ ሸማኔዎች በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳን የአገር ልብስ ገበያ አድርገዋታል። በዚህም ሥራ ሴቶች ጥጡን ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም የሚፈራረቅበት ድንጉዛ ከሥራቸው ሁሉ ከሩቅ የሚለይ ነው።

ዛሬ ግን ይህንኑ መልክ በፋብሪካ ያተመ የውጭ አገር ጨርቅ በየሱቁ ተደርድሮ ይታያል። ሸማኔው ቀናት የሚደክምበትን መሣሪያው በጥቂት ጊዜ ስለሚያወጣው ዋጋው እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚያገለግሉ ምልክቶች እነሆ።

አንደኛ፣ ጨርቁን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። የታተመ ከሆነ ቀለሙ ከፊቱ ይልቅ በጀርባው ደብዝዞ ይታያል። የተሸመነ ከሆነ ግን ባለ ቀለሙ ክር ራሱ በድሩ መካከል ሲያልፍ በጀርባውም ይታያል።

ሁለተኛ፣ ከጫፉ አንድ ባለ ቀለም ክር መዝዙ። ቀድሞ ተነክሮ የተሸመነ ክር ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም ነው፤ ከታተመ ጨርቅ የተመዘዘ ክር ግን እዚህ ቀይ፣ እዚያ ቢጫ፣ ወዲያ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይገኛል። ከምልክቶቹ ሁሉ ኅትመትን በግልጥ የሚያጋልጠው ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ወርዱንና ዳሩን መርምሩ። ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው የሚወረውር ስለ ሆነ፣ የጨርቁ ወርድ እጁ ከሚደርስበት አያልፍም፤ ሰፊ ልብስ ሲፈለግ ሁለት ቁራጭ ይጋጠማል። ማጉም በዳሩ ላይ እየታጠፈ ይመለሳል። ከሰፊ ጥቅል የተቀደደ ጨርቅ ግን ዳሩ የተቆረጠና በመኪና የተለቀመ ነው።

አራተኛ፣ በጣታችሁ ዳስሱት። የእጅ ፈትል አንዳንድ ስፍራ ወፈር፣ አንዳንድ ስፍራ ቀጠን ይላል።

አምስተኛ፣ ከነጩ ክፍል ጥቂት ክር ወስዳችሁ በጥንቃቄ አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። በዚህ ግን አትቸኩሉ፤ እውነተኛው ሸማኔም የፋብሪካ ባለ ቀለም ክር ይጠቀማልና፣ ባለ ቀለሙ ክር ስለ ቀለጠ ብቻ ሥራውን ሐሰተኛ ማለት በደል ነው። ደግሞም በመሣሪያ የተሸመነ አምሳያ የኅትመቱን ፈተና ያልፋል። ስለዚህ አንዱን ምልክት ከሌሎቹ ጋር ማመዛዘን ይገባል።

የታተመውን ጨርቅ ማስመጣትም ሆነ መሸጥ በራሱ ነውር አይደለም፤ ገንዘቡ ያነሰው ሸማች በዚያ ይለብሳል። ነውሩ በሸማኔው ስም መሸጡ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለ ዕቃ የሚያሳስት መግለጫ መስጠትን ከልክሏል። ከሕጉም በላይ፣ ርካሹ በውዱ ስም ሲሸጥ ሸማኔው ሥራውን በድካሙ ልክ መሸጥ ያቅተዋል፤ ልጁም መወርወሪያውን ጥሎ ሌላ እንጀራ ይፈልጋል።

ሌሎች አገሮች ለዚህ መላ አግኝተዋል። በስኮትላንድ ደሴቶች በየቤቱ የሚሸመነው ሃሪስ ትዊድ የሚባለው የሱፍ ጨርቅ የራሱ ማኅተም አለው፤ የእንግሊዝ ፓርላማም እ.ኤ.አ. በ1993 ስሙን በሕግ ጠብቆለታል። በእኛም አገር በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 ማኅበራት የወል ምልክት የሚያስመዘግቡበትን በር ከፍቷል። የሸማኔዎች ማኅበራትና ላኪዎች ተባብረው ቢጠቀሙበት፣ ባሕር ማዶ ያለው ወገናችን የሚገዛውን ዐውቆ ይገዛል።

እስከዚያው ድረስ ባለ ሱቁ ሁለቱን ዕቃ በየመደርደሪያው ለይቶ ያስቀምጥ፤ በደረሰኙም ላይ «በእጅ የተሸመነ» ወይም «የታተመ» ብሎ ይጻፍ። ይህን ያደረገ ነጋዴ በዛሬው ሽያጭ ጥቂት ቢጎድልበትም፣ ደንበኛው ነገ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እርሱ ነው።