ገነተ ልዑል፦ ትምህርት ቤት በመሆኑ የተረፈ ቤተ መንግሥት

ከሽሮ ሜዳ የሸማ ሱቆች በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ቁልቁል ሲወረድ ስድስት ኪሎ ይደረሳል። እዚያ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ቀድሞ ገነተ ልዑል የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበር። ይህን ቤት ያቆየው ትምህርት ቤትነቱ ነው ባይ ነኝ። ቤቱ ደም የፈሰሰበት ነው፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚህ ግቢ ነው፤ በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራም ራስ አበበ አረጋይን ጨምሮ የታገቱ ባለሥልጣናት በአረንጓዴው ሳሎን ተረሽነዋል። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ስለዚህ አብዮቱ ሲፈነዳ ቤቱ የንጉሡ አልነበረም፤ በንጉሡ ላይ ሲጮኹ የኖሩት ተማሪዎች ቤት ሆኖ ነበር። ትምህርት ቤት ሳይሆን የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትም ተርፏል የሚል ይኖራል። ተርፏል፤ ግን ለአሥርተ ዓመታት ለሕዝብ ዝግ ሆኖ ነው።

ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። የጣሊያን ወራሪዎች የሠሩት ሲሆን፣ እንደሚነገረው እያንዳንዱ እርከን ፋሽስቶች ሮም ላይ ሥልጣን ከያዙ በኋላ ያለፈ አንድ ዓመት ነው። ነፃነት ሲመለስ ግን ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። የጠላት ሐውልት ምን ይሠራልናል፣ ይፍረስ ማለት የሚገባ ቁጣ ነው። ሆኖም ደረጃው ቢፈርስ አንበሳው መልስነቱን ያጣል፤ ማን ላይ እንደ ቆመ አይታወቅማ! ውስጥም በንጉሡ መኝታ ክፍል በ1953ቱ ግርግር ጥይት የበሳው መስተዋት እንዳለ ይታያል። ቢቀየር ኖሮ ክፍሉ ከአሮጌ ዕቃ ማሳያነት አያልፍም ነበር።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ብዙ እግር የሚረግጠው፣ መጽሐፍ የሚከመርበት ቤት ያረጃል። እውነት ነው። በዚህ ቤት የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ከመጀመሪያው ዳይሬክተሩ ከሪቻርድ ፓንክረስት ዘመን ጀምሮ፣ መጽሐፍና ቅርስ ሲያከማች ቦታ ጠበበው። ነገር ግን ለዚህ መላ የፈለጉት የቤቱ ተጠቃሚዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ብራናና ሥዕል ለመግዛት፣ በኋላም ለአዲስ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ገንዘብ አሰባስቧል። ሰው የማይገባበት ቤት እንዲህ ያለ ወዳጅ ከየት ያገኛል? በዚሁ ቤት ያለው የተቋሙ ሙዚየም ደግሞ ዕቃዎቹን በብሔረሰብ ከፋፍሎ በመደርደር ፈንታ ከልደት እስከ ሞት በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ያሳያል፤ ከቀድሞው የንጉሥ ግብዣ ይልቅ የተራው ሰው ኑሮ በቤተ መንግሥት ውስጥ ስፍራ ያገኘበት ነው። በዚህ ግቢ ተምሮ የወጣ ሁሉ ለጥገናው የሚችለውን ቢያዋጣ፣ ያላየውም ጎራ ብሎ ቢያይ መልካም ነው።