ማይክል ፋሪስ፦ የፌዴራሉን መንግሥት ሥልጣን ለመገደብ የተነሡ ጠበቃ

በአሜሪካ የምትኖሩ፣ ልጆቻችሁንም በቤታችሁ የምታስተምሩ ወገኖች የማይክል ፋሪስን ስም ሳትሰሙ አትቀሩም። በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተሾሙ አገልጋይና የሕገ መንግሥት ጠበቃ ናቸው። በ1983 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቤት የሚያስተምሩ ወላጆች የሕግ መከላከያ ማኅበርን ሲመሠርቱ፣ እንዲህ ያለ ወላጅ በብዙ ግዛቶች ፍርድ ቤት ሊቆም ይችል ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን በ50ውም ግዛቶች ተፈቀደ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ብዙ የማይወራለት አንድ ክርክራቸው ነው። የዋሽንግተን ግዛት ለአንድ ዓይነ ስውር ተማሪ የሥልጠና ድጎማ ከለከለችው። ምክንያቱስ? በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት፣ ፓስተር ለመሆን ይማር ነበርና! ፋሪስ በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆመው ተከራከሩለት። በ1986 ዳኞቹ ድጎማው ሃይማኖትንና መንግሥትን የሚለየውን የፌዴራል ድንጋጌ እንደማይጥስ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። የሚያሳዝነው፣ የግዛቲቱ ፍርድ ቤት በ1989 የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት ጠቅሶ እንደገና ከለከለው።

በ1993 ለቨርጂኒያ ምክትል ገዥነት ተወዳድረው ተሸነፉ። በ2013 ከማርክ ሜክለር ጋር “የግዛቶች ጉባኤ” የተባለውን ንቅናቄ ጀመሩ። መንገዱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ተጽፎ ይገኛል፤ 34 ግዛቶች ከጠየቁ ኮንግረስ ማሻሻያ የሚያቀርብ ጉባኤ ይጠራል፣ 38 ግዛቶች ያጸደቁት ማሻሻያም ሕግ ይሆናል። ንቅናቄው የፌዴራሉ መንግሥት ወጪ እንዲገደብ፣ ሥልጣኑ እንዲጠብብ፣ የባለ ሥልጣናቱም የአገልግሎት ዘመን እንዲወሰን ይጠይቃል። እስከ 2022 ድረስ 19 ግዛቶች ጥያቄውን ተቀብለዋል። በዚህ አንቀጽ የተጠራ ጉባኤ ግን እስካሁን የለም። ወግ አጥባቂዋ ፊሊስ ሽላፍሊ እንኳ በ2016 እስካረፉ ድረስ አጥብቀው ይቃወሙት ነበር፤ ጉባኤው አንዴ ከተከፈተ ማን ያቆመዋል የሚል ስጋት ነበራቸው።

መንግሥት ልክ ይኑረው ማለት ሮሜ 13ን መካድ አይደለም። ጳውሎስ ባለ ሥልጣኑን የእግዚአብሔር አገልጋይ ይለዋል፤ አገልጋይ ደግሞ ከላኩት አያልፍም።

ሆኖም ኒውዮርክ ታይምስ በ2021 እንደ ዘገበው፣ ፋሪስ ከ2020 ምርጫ በኋላ የአራት ግዛቶችን ውጤት የሚቃወም የክስ ረቂቅ አዘዋውረው ነበር። ቴክሳስ ያቀረበችውን ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዲሴምበር 11 ቀን 2020 ሳይቀበለው ቀረ። የፌዴራሉ መንግሥት ከግዛቶች ላይ እጁን ያንሣ ሲሉ የኖሩት ሰው፣ የአራት ግዛቶች ሕዝብ የሰጠውን ድምፅ የፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲሽረው እንዴት ፈለጉ? ይህን ጥያቄ ተቃዋሚዎቻቸው ብቻ ሳይሆኑ፣ እንደ እኔ ሥራቸውን የምናከብርም ልንጠይቀው ይገባል።